ቢጫ ጸጉር ያበቀለችው ጥንዚዛ

እኔን ብሎ ሐኪም። ፊደል ያልቆጠርኩ ሴት፣ ከጥንዚዛ በሽታ ጋር ምናባቴ አገናኘኝ? ትናንት የልጅ ልጄ ከፓፓያው ቅጠል ላይ ቀይዋን ጥንዚዛ፣ ያቺን ጥቁር ነጠብጣብ ያለባትን፣ በጣቷ ይዛ መጣች። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጸጉር መሳይ ነገር በቅሎባታል። ሳየው የላምባ ሽታ መጣብኝ። ቤታችን ላምባ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ ባቡር ላይ ሥራ አግኝቶ ከደጋ ወደ ድሬ ከወረድን ገና ወራችን ነበር። ለታላቅ እህቴ ሰርግ አራት ቀን ቀርቷል። ያን ለታ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ እንደዚህችው ያለች ጸጉራም ጥንዚዛ አገኘሁና፣ «ሙሽሪት፣ ሚዜ አመጣሁልሽ» ብዬ ጉንጯ ላይ ለቀቅኳት። እየጮኸች አራገፈቻት። እኔ በሳቅ ሞትኩ።

ቀትር ላይ ከጨዋታ ስመለስ ሰፈሩ ከሙቀቱ ሸሽቶ ተኝቷል፤ ዝንብ ብቻ ነው የሚሰማው። እህቴም ሁለታችን አብረን የምናድርበት አልጋ ላይ ተኝታለች። በመጋረጃው ቀዳዳ የገባች ብርሃን ፊቷ ላይ አርፋለች። ፊቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቢጫ ሆኗል፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ያ ነገር ከጥንዚዛዋ ወርዶ በላት አልኩ። ሙሽራው ጥሏት ይሄዳል፣ ወይ ትሞታለች፣ የገደልኳትም እኔ ነኝ። እናቴን ልጥራ ብል ዱላው ታየኝ። እኛ ዘንድ ለቅማልም ለቆረቆርም መድኃኒቱ ላምባ ነበር። ጨርቅ ነከርኩና የተኛችውን እህቴን ጉንጯን ፈተግኩት።

በጩኸቷ ሱማሌዋ ጎረቤታችን ሮጣ ገባች። ለካ ለሙሽራ ቆዳ ያምራል ብላ እርድ የቀባቻት እሷ ናት። ጉንጯን በውሃ እያጠበች፣ «አቦ፣ ምን ነካሽ?» አለችኝ። የጥንዚዛዋን ነገር እያለቀስኩ ነገርኳት።

የልጅ ልጄማ ተምራለች፤ ትናንት ይህን ሳወራላት «አያቴ፣ ይሄ ሻጋታ ሰው ላይ አይበቅልም። ወንድና ሴቷ ጥንዚዛ ሲገናኙ ነው ካንዱ ወደ አንዱ የሚሻገረው» አለችኝ።

«እንግዲያ የሚያዙት ሰርግ ላይ ነው በይኛ» አልኳት።

እህቴ ጉንጯ እንደቀላ ተዳረች፣ ባቡሩም ይዟት ሄደ። እኔ ሐዲዱ ዳር ቆሜ፣ «ጠባሳ ቢሆንስ? ባሏ ቢመልሳትስ?» እያልኩ ጎረቤታችንን አደረቅኳት።

«ጉንጯ ይድናል፤ ማንም አይመልሳትም» አለችኝ። «አንቺ ብቻሽን መተኛት ልመጂ።»