ታጥቤ የሄድኩበት ምርመራ

በደሴው ክሊኒክ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። መርማሪው ከማህፀኔ በር የወሰደውን ፈሳሽ ሊያይ በመስኮቱ በኩል ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሷል። አማቴ ከጎኑ ቆመዋል፣ ባለቤቴ በሩ ላይ ነው፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ። በደርግ ጊዜ ስለነበር ከኮምቦልቻ የመጣነው ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ይዘን ነው።

ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ ነበር። ምርመራው የሚታከም በሽታ ካላገኘ ባለቤቴ ሌላ እንዲያገባ አማቴ ወስነዋል።

«ነጭ የደም ሴል አንድም አላየሁም» አለ መርማሪው።

አማቴ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አላልኩህም? በሽታ የለባትም፤ እንዲሁ ማህፀኗ አይዝም።»

መርማሪው ቀና አለ። «እማማ፣ እነዚህ ሴሎች የማህፀን ጠባቂዎች ናቸው። ማህፀን ሲታመም ይበዛሉ፤ በጤነኛ ሴት እንኳ ጥቂት አይጠፉም። ጭራሽ አለመኖራቸው ነው የገረመኝ።»

ምክንያቱን አውቀው ነበር። ወንድ ሊያየኝ ነው ብዬ ስላፈርኩ ጠዋት ወይባ ጢስ ሞቄ፣ ውስጤን ሳይቀር በሎሚ ውኃ ታጥቤ ነው የመጣሁት። ውኃውን ያሞቁልኝ አማቴ ናቸው።

«ታጥቤ ነው» አልኩ።

«ወላሂ ምን ጉድ ነው! እንደቆሸሸች መምጣት ነበረባት?» አሉ አማቴ።

መርማሪው ሳቀ። «አዎ እማማ፣ እንደቆሸሸች! ውስጧን ሳትታጠብ ሰኞ ትመለስ፤ የዛሬው አይቆጠርም።»

«የዛሬው ይበቃል» አሉ አማቴ ለልጃቸው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

«ሰኞ እመጣለሁ» አልኩት መርማሪውን። ሻርፔን አስተካክዬ ወጣሁ።