ጋሽ ጩማ እና የታብ ቁልፍ

ጋሽ ጩማን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮ የለውም። ቢጠና አካባቢ ተወልዶ፣ በደርግ ጊዜ ሶዶ መጥቶ የጽሕፈት መኪና የተማረ፣ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለወጥ፣ አለቃ ሲለወጥ፣ የቢሮው ስም ራሱ ሲለወጥ ከወንበሩ ንቅንቅ ያላለ ታይፒስት ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ሁልጊዜ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚሄድ ሰው። አንድ አመል ብቻ ነበረበት። ሰው ጀምሮ የተወውን ይጨርሳል። ኧረ ሳይተውም ይጨርሳል!

አመሉ የመጣው ከሥራው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ አለቃ ቆሞ ደብዳቤ ሲያስጽፈው፣ ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ ቀድሞ መጨረስ ለመደ። አለቃው «በከተማችን መልካም አስተዳደርን…» ሲል እሱ «ለማስፈን በሚደረገው ርብርብ» የሚለውን መትቶ፣ ከሰላምታ ጋር ብሎ፣ ወረቀቱን ነቅሎ ይሰጠዋል። አለቆቹም ወደዱት። ማሰብ ቀረላቸዋ!

ችግሩ አመሉን ቢሮ ትቶት አይወጣም። ቸርች ውስጥ መጋቢው «ጌታ ሆይ፣ አንተ…» ሲል ጋሽ ጩማ ከኋላ ወንበር «ታማኝ ነህ!» ይላል። እዚያስ ግድ የለም፣ አሜን ተብሎ ያልፋል። አረካ ከተማ ላይ ግን ከፋ። ለጎረቤታችን ለሻንቆ ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ፣ የልጅቷ አባት «እኛ ልጃችንን…» ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ጋሽ ጩማ «ሰጥተናል!» ብሎ አጨበጨበ። ሰውዬው ሊሉ የነበረው «ገና አላማከርናትም» ነበር። ሽማግሌዎቹ ሻይ እንኳ ሳይቀርብላቸው በሚኒባስ ተመለሱ። ጋሽ ጩማ ግን መንገዱን ሙሉ ሾፌሩ የጀመረውን ወሬ ሲጨርስለት ነበር አሉ።

እኔ ኢየሩሳሌም እባላለሁ። በ2005 ዓ.ም. እዚሁ ሶዶ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አስተምር ነበር። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ያን ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ኮምፒውተር ይማር የሚል መመሪያ ወረደና ጋሽ ጩማ ከነተቆለፈ ሸሚዙ ክፍሌ መጣ። የአባቴ ጓደኛ ነው፣ በልጅነቴ ጀርባው ላይ ያዘለኝ ሰው። አሁን ግን «ቲቸር» ይለኛል፣ እያሾፈ።

የጽሑፍ ሥራውን ላስተምረው ብል ጣቶቹ ከእኔ ቀደሙ። ሌሎቹ ፊደል ፍለጋ ሲያጎነብሱ እሱ ጨርሶ ጣሪያ ያያል፣ ከዚያ ጎረቤቱ የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ይጨርስለታል። ክፍሉን ሊበጠብጥብኝ ሆነ። ስለዚህ ወደ ጥግ ወስጄ ማያ ገጹ ላይ አንዲት ጥቁር መስኮት ከፈትኩለት። ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የሚጻፍባት ናት። አንድ መስመር ይጻፍለታል፣ ኢንተር ሲጫኑ ወዲያው ይመልሳል፣ እንደገና ይጠብቃል። አንድ ስም ፈጥረው የፈለጉትን ነገር ያስይዙታል፣ በኋላ ያንን ስም ሲጽፉለት ያስያዙትን ያወጣል።

«ስሙ ረጅም ቢሆንስ? ሁልጊዜ ሙሉውን ልመታ ነው?» አለኝ።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ፊደሎች ምታና ታብን ተጫን።»

«ታብ መዝለያ ናት። ሰንጠረዥ ስሠራ የምዘልባት።»

«ያ በጽሕፈት መኪናህ ላይ ነው። ተጫን ብያለሁ!»

ተጫነ። የቀረው ስም ዱብ አለ። ጋሽ ጩማ ከወንበሩ ተነሣ። ማያ ገጹን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ማያ ገጹን አየ። «ኢየሩስ፣ ይቺ ቁልፍ እኮ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ እንጠጣ ብሎ የሚጠራው ሰው አጣ። ለሁሉም ስለ ታብ ነዋ የሚያወራው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ስገባ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ ቁልፏ ተበላሽታለች።» የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ስም እያስገባ የሚኖሩበትን ቦታ ሲያስይዝ ነበር። አሁን አባቴን ፈልጎ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል መትቶ ታብ ሲጫን መሣሪያው «አቶ» ብሎ ቀጥ ይላል። ደግሞ ደጋግሞ ሲጫነው የሚያውቀውን ወንድ በሙሉ ይዘረግፍለታል፤ አቶ አንጁሎ፣ አቶ ሻንቆ፣ አቶ ቦጋለ፣ አቶ ማን፣ አቶ ማን። ጎንበስ ብዬ አየሁና እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

«ጋሼ፣ ማን ነው አቶ ብለህ ጀምር ያለህ?»

«ታዲያ ቦጋለ ልበለው? አባትሽን? በባዶ ስሙ?»

«መሣሪያ እኮ ነው! አክብሮት አያውቅም!»

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለ፣ በቁጣ።

ምን ይባላል? ለአባቴ ያለውን ክብር ጥቁር መስኮት ውስጥም ይዞት ገብቷል። ቁጭ አልኩና ረጋ ብዬ አስረዳሁት፣ ለእኔ ብርቅ ነው። «ጋሼ፣ አልተበላሸችም። ታብ ሁሉም ስሞች የሚጋሩትን ትጽፍልሃለች። ሁሉም ‹አቶ› ይላሉ፣ እሱን ጻፈች። ከዚያ ወዲያ ይለያያሉ፣ ስለዚህ ትቆማለች። ቦጋለን ከፈለግክ አንዲት ፊደል ከራስህ ጨምርላት።»

«ልትገምት አትችልም? ቦጋለን እንደምፈልግ አታይም?»

«አትገምትም። አንድ ብቻ ሲቀራት ነው የምትጨርሰው። ሁለት እንኳ ካሉ ዝም ትላለች።»

«ዝም?» አለ ጋሽ ጩማ፣ ቅር ብሎት። «እንግዲያው እኔን አትመስልም።»

«አንተማ ሃያ ቢሆኑም ትጨርሳለህ! የአረካውን ረሳኸው?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም ይሆናል፣ ግን ወጣ። ጋሽ ጩማ ፊደሏን ጨመረ፣ ታብን ተጫነ፣ «አቶ ቦጋለ» ሙሉውን ወጣ። ኢንተርን ሲጫን ኦቶና ብሎ መለሰለት፣ የቤታችንን ሠፈር።

አሁን ወደ ራሴ ጣጣ ልምጣ። ዘላለምን የማገባው ከሆነ በዚያ ዓመት ነው፣ ካልሆነ የለም። ዘላለም አረካ የሚያስተምር፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ እኔን ችሎ የሚሰማ ብቸኛው ወንድ ነው። ወደድኩት፣ ምን ላድርግ! ቤተሰቡ ግን ኦርቶዶክስ ነው፣ አባቴ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነን። ለአባዬ ነገሩን ስነግረው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ኢየሩስ፣ እኔ ልጄን ለኦርቶዶክስ ቤት…» ሲል «በቃ፣ ገባኝ!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አንዳችንም አላነሣነውም።

የዘላለም አጎት አቶ አድነው ኩሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ እልካለሁ፣ አንዴ እምቢ ከተባልኩ ግን ሁለተኛ ያንን ደጅ አልረግጥም አሉ። ዘላለም ያለ እሳቸው ምርቃት አያገባም፣ እኔም አባቴን ጥዬ አልኮበልልም። እንግዲህ ያለችን አንዲት ቀን ናት። ይህን እያሰብኩ ሳለ ዘላለም ደወለና ሽማግሌዎቹን ወክሎ የሚናገረው ማን እንደሆነ ነገረኝ። የአባትሽ ጓደኛ ስለሆነ ይሰማዋል ብለን ጋሽ ጩማን መረጥን አለኝ።

ጉድ ፈላ! በቀጥታ ቢሮው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እባክህ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ፣ አባዬ ፊት…»

«እንዳሳምንልሽ ነው። አውቃለሁ።»

«አይደለም! ዝም እንድትልልኝ ነው!»

ጋሽ ጩማ አየኝ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እሺ ልጄ» ብቻ አለኝ። አላመንኩትም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጡ። እንደ ወጉ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሀል ቆሙ። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። አቶ አድነው ነጠላቸውን አስተካክለው ጋሽ ጩማን አዩት።

«ቦጋለ» አለ ጋሽ ጩማ፣ «እኔ ዛሬ ሁለቱም ቤት የሚስማሙበትን ብቻ ነው የምናገረው። ሁለቱም ቤት እግዚአብሔርን ይፈራል። ልጁ ሠርቶ የሚበላ ነው፣ ልጅቷ ሠርታ የምትበላ ናት። ይዋደዳሉ። ይህን አንተም አትክድም፣ እኛም አንክድም። ከዚህ በላይ ያለውን እኔ አላውቅም። አንተ ጨምርበት።»

አለና አቆመ። ጋሽ ጩማ! በገዛ ፈቃዱ!

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… እኔ ልጄን ለኦርቶዶክስ ቤት…»

ያውና! በሩን ድርግም ያደረግኩባት ያቺው ቃል። ሁላችንም መጨረሻውን እናውቀዋለን፣ የአቶ አድነው ፊት ራሱ አውቆት ጠቆረ፣ እጃቸው ወደ ባርኔጣቸው ሄደ። ጋሽ ጩማን በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። አፉ ተከፍቷል። ሊለው ነው፣ በቃ ሊለው ነው፣ ጌታ ሆይ አፉን ያዝልኝ አልኩ። ላብ ከግንባሩ ወረደ። ከዚያ ከንፈሩን ገጠመ።

አባዬ ግራ ቀኝ አየ። ከመቼ ወዲህ ነው እሱ ጀምሮ ጩማ የማይጨርሰው?

«ምነው ዝም አልክ?» አለው።

«ጨርስ እንጂ።»

«አንተ አልነበርክ እንዴ የምትጨርስልኝ?»

«ዛሬ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል» አለ ጋሽ ጩማ። «የትኛው እንደሆነ አላውቅማ።»

አባዬ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ሲናገር ድምፁ የቸርች ሽማግሌ ድምፅ አልነበረም።

«ለኦርቶዶክስ ቤት ብሰጣት… እሁድ እሁድ ከእነሱ ጋር ልትሆን ነው ብዬ ነው የፈራሁት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከቸርች መልስ አብረን ነው የምንበላው። የቦይናውን ሥር እሷ ትቀቅላለች፣ የዳጣውን ቃሪያ እኔ እፈጫለሁ። የሃይማኖቱን ነገር ከልጁ ጋር ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን፣ ሰው ነው፣ ይሰማኛል። እሁድን ግን ለማን ልንገር? ሰው ይስቅብኛል ብዬ ተውኩት።»

ማንም አልሳቀም። አቶ አድነው እጃቸውን ከባርኔጣቸው መለሱ። «አቶ ቦጋለ፣ የእኛ ቅዳሴ እኮ በጠዋት ያልቃል» አሉ ቀስ ብለው። «ምሳ ላይማ ሁለቱም ይደርሳሉ።»

እጩ ሙሽራ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፣ አውቃለሁ። መጋረጃውን ገፍቼ ወጣሁ። እንባዬም ንዴቴም አንድ ላይ መጡብኝ።

«አባዬ! ይህን ሁሉ ጊዜ! ለምን አልነገርከኝም?»

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«መቼ አስጨረስሽኝ!» አለኝ።

አጠገቡ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌዎቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው፣ ጋሽ ጩማ ወደ መስኮቱ ዞሯል። የምለው ብዙ ነበረኝ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሁሉንም ዋጥኩትና «እሺ አባዬ፣ ጨርስ» አልኩት።