ልቤ አላዘነም፣ ታሟል እንጂ

ከዳንግላ በወጣንበት ማታ ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ፈትተው ገብተዋል፤ ሚኒባሱ መብራቱን አጥፍቶ ከመናኸሪያው ራቅ ብሎ ይጠብቀናል። አብራኝ የምትሰደደው ጓደኛዬ ሰናይት ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና፣ "ይሄ የሚንቀጠቀጠው መኪናው ነው አንቺ?" አለችኝ። ሞተሩ አልተነሳም ነበር። ሁለታችንም ሳቅን።

ያ ፍርሃት ነበር። ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ፣ እናንተ አገር ቤት ያላችሁትም እንደኔ የወጣችሁትም፣ ልብ ሁልጊዜ እንዲያ በግልጽ እንደማይናገር ስላየሁ ነው።

ስለ ሱዳን መንገድ፣ ስለ ሊቢያ፣ ስለ ባሕሩ ከኔ በፊት ያለፉት ብዙ ነግረዋችኋል፤ አልደግመውም። ባሕሩን ተሻገርን፤ ሰናይት ጣሊያን ቀረች፣ እኔ ጀርመን ገባሁ። ይበቃል።

እዚህ ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። አትጠገብ መሆኔ ቀርቶ "ፍራው ጌትነት" ሆንኩ። ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። አባቴ በስተርጅና ወይዘሮ መባሉን ቢሰማ ዱላውን ይዞ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ድንች እንደ ጉድ ይበላሉ፤ የእንጅባራን ድንች የቀመሰ ሰው ግን የእነሱን ድንች ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። ብርዱንማ፣ የእንጅባራ ልጅ ምን ብርድ ይፈራል ብዬ ንቄው ነበር። የኛ ብርድ ጠዋት ቆንጥጦ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህኛው አንዴ ከያዘ ለቆ አያውቅም።

ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ሳለ፣ አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ ትኬት ተቆጣጣሪዎች ገቡ። ትኬቴ በእጄ ነው። ምንም ጥፋት የለብኝም። ግን ልቤ ሳይታሰብ እንደ ደነበረ ፈረስ ጋለበ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየሩ አልቆ ሰማዩ የተደፋብኝ መሰለኝ። "አበቃልኝ" አልኩ በአማርኛ፤ የሰማኝ የለም። ከመቀመጫዬ ስንሸራተት ግን ሁሉም አየኝ፣ አምቡላንስ ተጠራ።

ሆስፒታል ያየችኝ አንዲት ሽበታም ሐኪም ነበረች። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፋ ልቤን አነበበች፣ ደሜንም አስመረመረች። ከዚያ ስልኳ ላይ ተናግራ አስተረጎመችልኝ። ስልኩ እኔን ወንድ አድርጎኛል።

"አንተ አልሞትክም" አለኝ ስልኩ። "ይህ ፓኒክ ነው፣ ድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል። ተቀምጠህም ይመጣል። ቶሎ ይከፋል፣ ከዚያ ይበርዳል። ልብህ አይቆምም።"

"እየሞትኩ መስሎኝ ነበር" አልኳት።

"መምሰሉ ራሱ ምልክቱ ነው። ዛሬ መምጣትህ ግን ትክክል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሳይመረመር ማንም መለየት አይችልም። ወደፊት ሥራ ስትሠራ ወይም ደረጃ ስትወጣ የሚይዝህ ነገር ከመጣ፣ እግርህም ካበጠ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ተመለስ።"

ፓኒኩ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ መጣ። ፖስታ ሲመጣ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሳይ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት። እንደ በረዶ ዝናብ ቆጠርኩት፤ ይወርዳል፣ ያደነቁራል፣ ያባራል። ትንፋሼን ቀስ ብዬ እያወጣሁ ቆሜ አሳልፈው ጀመር። በሰው ፊት ማፈሬንም ተውኩ። የፈራሁት የሚያስፈራ ነገር አሳልፌ ነው፤ ማነው የሚያፍረው?

የጥገኝነት ጉዳዬ ገና ሳያልቅ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሌላው ነገር የጀመረኝ እዚያ ደረጃ ላይ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ማለት ጀመርኩ፤ ቆይቶ ሁለተኛው ላይ ቁጭ ማለት። አከራዬ ፍራው ቤክ በሯን ከፍታ አገኘችኝ።

"ፍራው ጌትነት፣ ደረጃው መቀመጫ አይደለም።"

"ትንፋሽ አጥሮኝ ነው፣ ይቅርታ።"

"መስኮት ስለማይከፍቱ ነው። ጠዋት ማታ ይክፈቱ ብዬዎታለሁ።"

"እከፍታለሁ።"

"አይበቃም። ሰፋ አድርገው ይክፈቱ።"

እዚህ አገር መስኮት በመክፈት የማይድን በሽታ የለም። ጠበል ነው የሚመስላችሁ። ከፈትኩ፤ በብርድ ተንቀጠቀጥኩ፤ ትንፋሼ ግን አልተመለሰም። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል፤ ትራስ ደራርቤ ተደግፌ አድራለሁ። ደረቅ ሳል ያዘኝ። ካልሲዬን ሳወልቅ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ምልክቱ ተቀርጾ ይቀራል።

የሰፈሬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጊዜ ግን የለውም። አስተርጓሚ በስልክ አገናኘኝ፤ ድምፁ የከተማ ልጅ ነው። "ልቤ ደክሟል" አልኩ። አስተርጓሚው ቀጠለ፤ እኔም ጀርመንኛው ትንሽ ገብቶኝ ስለነበር "ትራውሪሽ" የምትል ቃል ሰማሁ። ያዘነ ማለት ናት። ደነገጥኩ።

"ኧረ እንዲያ አላልኩም! ልቤ፣ ይሄ የሚመታው!"

"ገብቶኛል እህቴ" አለ አስተርጓሚው። "ተስፋ ቆርጣለች ብዬዋለሁ።"

አልፈርድበትም። በኛ ቋንቋ ልብ የማይሆነው ምን አለ? ይሰበራል፣ ይቆርጣል፣ ይሸፍታል፣ ይደርቃል። ሥጋ የሆነው ልብ የታመመ ቀን የሚናገርበት ቃል አላስተረፍንለትም። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አየ፤ ያ የአውቶቡሱ ነገር እዚያ ተጽፏል። "አንግስት" አለ፤ ጭንቀት ማለቱ ነው። የእግር ሽታ ያለው፣ ከተክል ሥር የተቀመመ የማረጋጊያ ጠብታ አዞልኝ ወደ በሩ ሸኘኝ።

ጠጣሁት። እንቅልፍ ሰጠኝ፤ ትንፋሽ አልሰጠኝም። እንዲያውም አንድ ሌሊት ትንፋሽ ለማግኘት መስኮቱ ላይ ተደግፌ አነጋሁ። ሲነጋ ንዴት ያዘኝ። በረሃ ያልገደለኝን፣ ባሕር ያልዋጠኝን እኔን አንዲት የተሳሳተች ቃል ትግደለኝ? ለባብሼ ተመለስኩ። አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ።

"ማይን ሄርትስ ኒሽት ትራውሪሽ" አልኩት ሐኪሙን። ልቤ አላዘነም። "ማይን ሄርትስ ካፑት።" ካፑት ለተበላሸ የልብስ ማጠቢያ የሚሉት ቃል ነው፤ ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር።

"ፍርሃትም እንዲህ ያደርጋል፣ ፍራው ጌትነት" አለኝ በለሆሳስ።

በተሰባበረ ጀርመንኛ፣ በእጄም ጭምር ነገርኩት። "ፍርሃቴን አውቀዋለሁ። ቁጭ ባልኩበት ይመጣል፣ ጣቴን ያደነዝዛል፣ ትቶኝ ይሄዳል። ይሄኛው ደረጃ ላይ ነው የሚይዘኝ። ስተኛ ይጫነኛል። አንድ አይደሉም፣ ሁለት ናቸው።"

"እሺ፣ ሌላ ቴርሚን እንስጥዎት…"

ቴርሚን ማለት ቀጠሮ ነው። "ቴርሚን አልፈልግም። ደረጃ አብረውኝ ይውጡ።"

"ምን?"

"ደረጃ። አሁን። እርስዎና እኔ።"

አየኝ። ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሳ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ከፍተው አዩን። አንደኛው ፎቅ ላይ ሳል ጀመረኝ፤ ሁለተኛው ሳይደርስ ግድግዳውን ያዝኩ፤ እሱ ደግሞ እኔን ያዘኝ። ከዚያ ተሸካክመን ወረድን። በግራ ጎኔ አስተኝቶ ማዳመጫውን ከጡቴ ሥር አሳረፈ። ረጅም ጊዜ ሰማ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት።

"እንትሹልዲጉንግ" አለኝ። ይቅርታ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝምና ቂም አልያዝኩበትም።

በዚያው ቀን ወደ ልብ ሐኪሞች ላኩኝ። በአልትራሳውንድ አዩት፤ በልቤ ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ ጠቦ ደም በወጉ አያሳልፍም።

"ልጅ ሳሉ ጉሮሮ ያምዎት ነበር? ከዚያ መገጣጠሚያ አብጦ ያውቃል?" አለችኝ ሐኪሟ።

እንዴት አላውቅ! ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው መንደራችን ጉሮሮዬ በየጊዜው ሲዘጋ እንጥሌን አስቆረጡኝ። በኋላ ጉልበቴ አበጠ፣ እሱ ሲሻለኝ ክርኔ። "ቁርጥማት ነው" ተብሎ ፌጦ ተቀባሁ። ሕመሙ መገጣጠሚያዬን ለቆ ልቤ ላይ መቅረቱን ማን ያውቃል? እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋለች፤ በሷ ላይ ክፉ ቃል አልሰማም። እናንተ ግን አሁን ሰምታችኋል፤ ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

በጭኔ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ልከው፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ፊኛ ነፍተው በሩን ከፈቱልኝ። ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ትራስ ተኛሁ። መድኃኒትና፣ ያ የጉሮሮ ሕመም እንዳይመለስብኝ በየወሩ የምወጋው መርፌ አለኝ። ፓኒኩም አልተወኝም፤ ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ መጣብኝ። ቆሜ ጠበቅሁት፣ አለፈ፣ ሽንኩርቴን ገዝቼ ገባሁ። "ጭንቀት ነው" ሲሏችሁ አትቆጡ፣ እውነት ሊሆን ይችላል። ሳይመረምሩ "ጭንቀት ብቻ ነው" ሲሏችሁ ግን ከወንበሩ አትነሱ።

እሑድ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"ልብሽን ከፈቱት አሉ" አለችኝ። "ናፍቆት ነው እያልኩ እዚህ እሟገታለሁ።"

"በሩ ጠቦ ነው፣ እማ።"

"ውስጡ እኔን አላገኙኝም?"

"ሐኪሟ ያን አልነገረችኝም" ስላት ሳቀች። "አሁን ግን አራት ፎቅ ሳላርፍ እወጣለሁ።"

"እሰይ፣ እሰይ ልጄ!" አለች። ከዚያ በአዊኛ ለራሷ አንድ ነገር አጉረመረመችና ወደ አማርኛ ተመለሰች። "ደረጃ ምኑ ይወራል። ዳገቱማ እዚህ ነው ያለው። መቼ መጥተሽ ትወጪዋለሽ?"

ኔትወርኩ አልተቋረጠም። "ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው፣ እማ" ያልኩት እኔ ነኝ።