ደረቴ ውስጥ ያለው መሣሪያና ለምለም

ባለፈው ሳምንት ለልብ ክትትል ሄጄ፣ ሐኪሙ የልቤን መሣሪያ ማንበቢያ ደረቴ ላይ አስደግፎ «ይሄኛው አንዴም በከንቱ አልመታዎትም፤ የአሁኖቹ ሩጫንና ሕመምን ይለያሉ» አለኝ። በመሣሪያው ደስ አለኝ። ከዚያ ለምለም ትዝ አለችኝና ደስታዬ ጠፋ።

የመጀመሪያውን መሣሪያ ውጭ አገር ወስደው ከአንገቴ አጥንት ሥር ሲያስገቡልኝ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልቤ ድንገት ካበደች በኤሌክትሪክ መትቶ ወደ ቦታዋ ይመልሳታል። ይህን ከቤተሰቤ ሌላ የምታውቀው አብራኝ ያደገችው የጎረቤታችን ልጅ ለምለም ብቻ ነበረች።

የዚያ ዓመት የልጃገረዶች በዓል፣ አሸንዳ፣ ሲከበር ሓወልቲ ሰፈር ነበርን። መንገዱ በዝናብ ጭቃ ሆኗል፤ በለስ ሻጮቹ ጥግ ጥጉን ይዘዋል። የአሸንዳ ሣራችንን ወገባችን ላይ አስረን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንጨፍር ከበሮው ፈጠነ፤ ልቤም አብራው ፈጠነች። መሣሪያው መታኝ። በቅሎ የረገጠችኝ መሰለኝ። ጭቃው ላይ ዘፍ ስል እጄን ይዛ የነበረችው ለምለም «ነዘረኝ» ብላ ጣቶቿን አራገፈች። የቀሩትን የበዓል ቀናት በመስኮት አየሁ።

ጥር ላይ የልብ ሐኪሞች ከውጭ ሲመጡ ለምለምን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረጃ አስወጥቶ አስወርዶ ልቤን ካየ በኋላ «ልብሽ ደህና ነበረች፤ የቸኮለው መሣሪያው ነው። ጭፈራሽን ሕመም አደረገው» አለ። የሚመታበትን የልብ ፍጥነት ከፍ አደረገው፤ ከመምታቱ በፊትም ትንሽ ታግሦ እንዲያይ አስተካከለው።

«እጇን የያዘ ሰውስ?» ብላ የጠየቀችው ለምለም ራሷ ናት።

«ቢነዝረው ነው፤ አይጎዳውም» አላት።

ስንወጣ አቅፋኝ አለቀሰች። «ለአሸንዳ ከእኔ አጠገብ ነሽ» አለችኝ። እስከ ነሐሴ በዚህች ቃል ኖርኩ።

ቀኑ ሲደርስ ሹሩባዬን ተሠርቼ እቤቷ ብሄድ ከጓደኞቻችን ጋር ቀድመው ወጥተዋል። የከበሮውን ድምፅ ተከትዬ አገኘኋቸው። ጭፈራው ውስጥ ገብቼ እጄን ስዘረጋ ከጎኔ ያለችው ልጅ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ክፉ አስበን አይደለም። የያዘሽን ሰው ኤሌክትሪኩ ይገድለዋል ብላ ለምለም ነግራናለች።»

ለምለምን አየኋት። ከበሮዋን እያስተካከለች «አምና በወደቅሽ ቀን በዓሉ ተበላሸብን» አለች።

ፈርታ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እሷ ግን የሐኪሙን መልስ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ከዳችኝ፤ ሌላ ስም የለውም። የእንዳ ኢየሱስን ዳገት እያለቀስኩ ስወጣ ልቤ ከአምናው የጭፈራ ቀን ይበልጥ ትመታ ነበር። መሣሪያው አየ፣ ታገሠ፣ ተወኝ። ሐኪሙ በደንብ ሠርቶታል።

ዛሬም ከለምለም ጋር በሰርግና በለቅሶ እንገናኛለን። ልጆቼን በየስማቸው ትጠይቃለች፤ ደግ ሴት ናት ይሏታል፣ ምናልባትም ናት። ልጅነት ነው እያልኩ ራሴን ለመምከር ሞክሬ አልሆነልኝም። ጉንጬን ትስመኛለች። እጄን ግን እስከ ዛሬ አልሰጠኋትም።