የኦቦ ገመቹ ወፍጮ ቤት ሲለካ

ይህ የደረሰብኝ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ወራት፣ እዚሁ ቡራዩ ነው። ዛሬም ሜትር በእጄ በያዝኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እልኼም ይነሳል።

ያኔ ስለ ከተማችን አሮጌ ቤቶች ብሎግ ላይ እጽፍ ነበር። ስለ አንድ የፈረሰ ትልቅ የግንብ ቤት ስጽፍ አንዱ «እዚያ ከደሳሳ ጎጆ በቀር ምን ነበርና ነው?» ብሎ አስተያየት ሰጠ። ቆሽቴ አረረ! ከዚያ ወዲህ ፎቶ ብቻ ማንሳት ተውኩ፤ ግድግዳውንም በሩንም ለክቼ እጽፋለሁ።

የዚያን ቀን የሄድኩት እናቴ እህል ታስፈጭበት ወደነበረው የኦቦ ገመቹ ወፍጮ ቤት ነው። ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምቼ ነው የሮጥኩት። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። እንግዲህ የእኔን ነገር እዩልኝ፤ ሰው ሁሉ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ በተቆጣበት ሰሞን ሜትር ዘርግቼ የሰው በር እለካለሁ!

«ቀያሽ መጣ!» ብላ አንዲት ሴት ከማዶ ጮኸች። ወዲያው ወጣቶች ከበቡኝ። አንዱ ረጅም ልጅ ስልኬን ነጠቀኝ።

«ማን ነው የላከህ?»

«ማንም። ስለ አሮጌ ቤቶች ነው የምጽፈው።»

«በዚህ ቀን? ትቀልዳለህ እንዴ? ያነሳኸውን ሁሉ አጥፋ፣ አለዚያ እሰብረዋለሁ!»

ብሎጌ ላይ ገና ያላወጣኋቸው ቤቶች ፎቶ ሁሉ ያለው እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ግማሾቹ ፈርሰዋል። «አላጠፋም! የፈለግከውን አድርግ!» አልኩት።

ጩኸቱን ሰምተው ኦቦ ገመቹ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። «ማል ታኤ? ምን ሆነ?»

«ቤትዎን ሲለካ ያዝነው፣ ኦቦ» አለ ልጁ።

«ኦቦ፣ የአስካለ ልጅ ነኝ እኮ! እዚህ ሚዛን ላይ ያቆሙኝ አልነበር?» አልኩ። እህሉን ከመዘኑ በኋላ እኛን ልጆቹንም እየመዘኑ በቅለታችን ይስቁብን ነበር።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ያ ገለባው?»

«አዎ፣ ገለባው!» እንባዬ መጣ። ለምን እንደምለካም ነገርኳቸው፤ ከፈረሰ በኋላ አልነበረም እንዳይባል።

ኦቦ ገመቹ ወደ ረጅሙ ልጅ ዞሩ። «ስልኩን ስጠው። የሜትሩንም ጫፍ ያዝለት።»

ያዘልኝ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ሚዛኑ የቆመበትን ጥግ ሳይቀር ለካን። «እስከ ጥጉ ድረስ ሳብ እንጂ፣ እንዳያንስብን!» እያለ ይቆጣኝ ጀመር።

ወፍጮ ቤቱ ዛሬ የለም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ኦቦ ገመቹም አርፈዋል። «ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሃል፣ አጥፋው» የሚሉኝ አሉ። አላጠፋም! ልኩም ፎቶውም፣ የሜትሩን ጫፍ የያዘው የዚያ ልጅ እጅም ብሎጌ ላይ አለ። አልነበረም የሚል ካለ ቆርቆሮውን ያንሳልኝና ቦታውን አብረን እንለካ፤ ሜትሩ ከእኔ ነው።