ግራጫው ሳጥን እና የእናቴ እልልታ

የታናሽ እህቴ ምረቃ ዕለት እናቴ ከማለዳ ጀምራ በሞቀ ውሃና በማር ጉሮሮዋን ስታለሰልስ ነበር። "ስምሽ ሲጠራ እልልታውን አቀልጠዋለሁ" ብላ በስልክ ቃል ገብታላታለች። ዩኒቨርሲቲው እኛ ካለንበት ከአሰላ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የእናቴ ጉልበት ደግሞ እንኳን ያን ያህል፣ ገበያ ደርሶ መመለስም ከከበደው ቆይቷል። ደግነቱ ሥነ ሥርዓቱ በድረ ገጽ በቀጥታ እንደሚተላለፍ ሰማን። "ሳሎን ቁጭ ብለሽ ታያታለሽ!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ውጭ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ላፕቶፑን ከፍቼ ወደ ገጹ ልገባ ስል አንድ ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አንብቤ አላውቅም፤ "ይሁን፣ ቀጥል" ብዬ አለፍኩት። ገጹ ተከፈተ። የዩኒቨርሲቲው ስም አለ፣ እንኳን ደስ አላችሁ የሚል ጽሑፍ አለ፤ መሐል ላይ፣ ቪዲዮው መኖር በነበረበት ቦታ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ ነው ያለው። ውስጡ ያኮረፈ ፊት ያላት ትንሽ ወረቀት ተስላለች።

"ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው የምታኮርፈው?" አለች እናቴ።

"ታግዳ ነው።"

"ማን አገዳት?"

"እሱን ነው የምፈልገው።"

ገጹን ደጋግሜ አደስኩት። ማስታወቂያ የሚከለክልልኝን ፕሮግራም አጠፋሁ፤ አንዳንዴ ደህናውንም ቪዲዮ ማስታወቂያ እየመሰለው ያግዳልና። ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

"እስቲ ደግሞ ኩኪዎቹን ላጥፋቸው" ስል እናቴ ወደ ጓዳ ዞር አለች።

"ለእንግዳ ያስቀመጥኩትን ኩኪስ? ምን አደረገሽ?"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ብሮውዘሩ ያጠራቀማቸውን፣ ኩኪ የሚባሉትን ጥቃቅን ፋይሎች አጠፋሁ፤ ለውጥ ሳጣ ሌላ ብሮውዘር ከፈትኩ፤ እሱም አኮረፈ። የእኔ ስልክ ስክሪኑ ተሰብሮ ጥገና ቤት ነው፣ የወላጆቼ ስልኮች ባለ ቁልፍ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ ሳጥን ሌላ መስኮት አልነበረንም። እናቴ መቁነጥነጥ ጀመረች። እሷ ስትቁነጠነጥ እኔ እበሳጫለሁ፣ ስበሳጭ ደግሞ ኪቦርዱ ይደበደባል።

በዚህ መሐል አባቴ ከፀጉር ቤት ተመለሱ። ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰዋል፤ ላፕቶፑ መልሶ የሚያያቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስሕተት አይተው እርማት ሳይሰጡ ማለፍ አይሆንላቸውም።

"አልከፈት አለሽ እንዴ? ትናንት እኮ አስተካክዬልሽ ነበር" አሉ።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። "ምኑን ነው ያስተካከሉት አባዬ?"

"ቀኑን ነዋ! ስምንት ዓመት ወደ ፊት ሮጦ አገኘሁት። ሰዓቱም ቢሆን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ይላል። ሁለቱንም በእኛ አቆጣጠር አደረግኩልሽ።"

የስክሪኑን ጥግ ተመለከትኩ። እውነታቸውን ነው።

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!" አለች እናቴ።

"አባዬ፣ ድረ ገጽም እንደ ሰው መታወቂያ አለው" አልኩ። "የዚህ ቪዲዮ መታወቂያ የወጣው በቅርቡ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ እርስዎን አምኖ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ገጹን እኔ ቀዩን ማስጠንቀቂያ አልፌ በግድ አስገባሁት፤ ቪዲዮው ግን ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ፣ 'ገና ያልወጣ መታወቂያ ይዘህ የት ትገባለህ?' እያለ ላፕቶፑ ከበር ይመልሰዋል።"

አባቴ ክራቫታቸውን ነካኩ። እናቴ ግን ለላፕቶፑ ወገነች። "ታዲያ እሱ ምን አጠፋ? ከስምንት ዓመት በፊትማ ልጄ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። ማን ይመርቃታል?"

እየሳቅኩ ቀኑንና ሰዓቱን መለስኩና ገጹን አደስኩት። ሳጥኑ ጋውን በለበሱ ልጆች ጢም አለ። ብዙም ሳንቆይ የእህቴ ስም ተጠራ። እናቴ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች፤ እልልታዋ የዝናቡን ድምፅ ዋጠው፤ ጎረቤታችንም ከአጥሩ ማዶ "ባጋ ገመዳን!" እያሉ በኦሮምኛ እንኳን ደስ አላችሁ አሉን። እኔም ደስታው አስለቀሰኝ።

አባቴ ግን አላጨበጨቡም። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጡ መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጠረጉት።

"በእኔ አቆጣጠር" አሉ፣ "እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያደረስኳት ትናንት ነው።"

እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለእንግዳ ያስቀመጠችውን ኩኪስ አምጥታ መጀመሪያ ለእሳቸው ሰጠቻቸው።