የዚህ ነገድ አባል ነዎት?

በምኖርበት በሲዋርድ፣ ወደ ሥራ ልሄድ መኪናዬን ሳስነሳ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ያዙኝ። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አላለቀም ነበር። ያስገቡኝ ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል፤ መብራቱም አይጠፋም። ታችኛው አልጋ ላይ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል።

ከአገር ምን አስወጣህ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥራዬ እንጨት እየበሱ የሚኖሩ ንቦችን በየወገናቸው መመደብ ነበር። በእኛ ሙያ የሚቀራረቡ ንቦች አንድ ላይ «ነገድ» ይባላሉ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ «ይህ ነገድ የሰው ቤት እየቦረቦረ ይኖራል» አልኩ። ዘግይቶ የገባ አንድ ባለሥልጣን ስለ ሰው የተናገርኩ መሰለው። ንቦች ናቸው ብዬ ብምል ብገዘት የሰማኝ የለም፤ ታሰርኩ። ስፈታ አገር ለቀቅሁ።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ከዚያ ኮስተር ብለው፣ «ስማኝ ልጄ፣ ኬዝህን አታበላሽ። ንቡን ተወውና ፖለቲካ ነው በላቸው» አሉኝ።

በማግስቱ ለኢንተርቪው ጠሩኝ። ካላመኑኝ ይመልሱኛል፤ እዚያ ደግሞ ያው እስር ቤት ይጠብቀኛል። ፈርቼ ነበር። አስተርጓሚዋ በስልክ ነበረች። ታሪኬን ስጨርስ ኦፊሰሩ የነገዱን ስም ጠየቀ። ዛይሎኮፒኒ አልኩ። ፊደሉን አንድ በአንድ አስጠራኝ። ቀጥሎ የጠየቀውን አስተርጓሚዋ ወደ አማርኛ መለሰችልኝ።

«የዚህ ነገድ አባል ነዎት ወይ ይላል።»

አዎ ብል ተሳዳጅ ልባል ነው፤ አይ ብል እብድ። የሽማግሌው ምክርም ትዝ አለኝ።

«አይደለሁም» አልኩ። «ንቦች ናቸው።»

አስተርጓሚዋ ሳትተረጉም፣ «ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለችኝ።

«እንዳለ ይተርጉሙልኝ።»

ተረጎመች። ኦፊሰሩ ቀና ብሎ አየኝና መጻፉን ቀጠለ።

ከሳምንታት በኋላ ለቀቁኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። አሁን አፕል ቫሊ እኖራለሁ፤ ሥራም አለኝ። ግን አመኑኝ ይሁን፣ ወይስ ንቦቹ አንድ የተበደለ ሕዝብ መስለዋቸው አዝነውላቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።